ኦሪጅናል ነው፤ ችግሩም እሱ ነው

ባለፈው ክረምት ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ፣ «ታላቅ ቅናሽ» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ከለጠፈ መደብር ካውያ ገዛሁ። መደርደሪያው ላይ ሦስት ዓይነት ነበር። የሁለቱን ስም ሰምቼው አላውቅም። ሦስተኛው ላይ የተጻፈው ግን እናቴ ቤት ባለው ካውያ እጀታ ላይ እያየሁት ያደግኩት ስም ነው፤ የሦስት ልጆች ዩኒፎርም የተኮሰ፣ አንድ ጊዜ ከጠረጴዛ ወድቆ ሲሚንቶውን የፈነከተ ካውያ። ስሙን ካየሁ በኋላ ሌላ ነገር አልጠየቅኩም። ዋጋም አልተከራከርኩም፤ ቅናሽ ነዋ!

በስድስተኛው ቀን ገመዱ ስፒናው አጠገብ ይሞቅ ጀመር። በዘጠነኛው ቀን የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝና ነቀልኩት።

ወደ ፈረንጅ አራዳ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ የጥገና ቤት አለች። ባለቤቱ ሬዲዮ ሲጠግኑ ያረጁ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ፎርጅድ ሳይሸጡልኝ አልቀሩም» አልኳቸው። አልመለሱልኝም። መብራት ስላልነበረ ካውያውን ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ወጡ፤ ዝናቡ ከቆርቆሮው ጠርዝ ይንጠባጠባል። ገመዱን በፒንሳ ቆረጡት፣ ላስቲኩን ገፈፉት፣ ከውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ አንድ የሽቦ ክር ለይተው በምላጭ ፋቁት። ቀዩ ተገፍፎ ነጭ ወጣ።

«ላዩ መዳብ፣ ውስጡ አልሙኒየም» አሉ። ከዚያ ካርቶኑን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ዓይናቸው ሥር አድርገው አነበቡ። «ፎርጅድ አይደለም ልጄ። ኦሪጅናል ነው።»

ይህ ጽሑፍ የዚህችን ዓረፍተ ነገር ትርጉም ለመፍታት የተጻፈ ነው። እኛ ገበያ ስንወጣ በእጃችን ያለው መለኪያ አንድ ብቻ ነው፤ ዕቃው ወይ ኦሪጅናል ነው ወይ ፎርጅድ። ዕቃው ቶሎ ከተበላሸ ፎርጅድ ነበር ብለን እንደመድማለን። ዛሬ በቅናሽ መደብር ከሚሸጡት የታወቁ ስሞች ብዙዎቹ ግን በሕግ ዓይን ፍጹም ኦሪጅናል ናቸው። የተለወጠው ከስሙ በስተጀርባ ያለው ሰው ነው።

በመጀመሪያ የሽቦውን ነገር ልጨርስ፤ የቀረው ነገር ሁሉ በእሱ ይመሰላልና። አልሙኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ 60 በመቶ ያህል ነው። ውፍረቱ እኩል የሆነ ገመድ ከመዳብ ይልቅ በአልሙኒየም ሲሠራ ጅረቱን ይበልጥ ይታገለዋል፤ የታገለውም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ለስልክ ቻርጀር ጉዳቱ አይታወቅ ይሆናል። ካውያ ግን ከቤት ዕቃ ሁሉ ኤሌክትሪክ ከሚጠጡት አንዱ ነው፤ በዚያ ላይ ገመዱ ሲተጣጠፍ ይውላል። አልሙኒየም በመታጠፍ ብዛት ከመዳብ ቀድሞ ይሰበራል፤ ክሮቹ አንድ በአንድ ሲበጠሱ የቀሩት የሁሉንም ሸክም ይሸከማሉ፤ ይግላሉ። የገመዱ መልክ፣ ውፍረት፣ ቀለም እንደ ድሮው ነው። ላስቲኩን ገፍፎ ያየ ሰው እንኳ ቀይ ነው የሚያየው። ምላጭ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ስሙ። ቅቤ የምንገዛው ከምናውቃት ሴት ነው። ሙዝ ደባልቃ ከሸጠችልን በሚቀጥለው ገበያ የምትቀመጥበትን ቦታ እናውቀዋለን፤ እሷም እንደምናውቀው ታውቃለች። ቅቤው ንጹሕ የሚሆነው በዚህ እውቂያ ነው። ፋብሪካ ሲመጣ ሠሪው ከዓይን ራቀ፤ በፊቱ ምትክ የተሰጠን ስሙ ነው። ካውያው ላይ ያለው ጽሑፍ «ካጠፋሁ ታገኙኛላችሁ» እንደ ማለት ነበር።

ነገር ግን ፊት አይሸጥም፤ ስም ይሸጣል። የንግድ ምልክት እንደ ቤትና እንደ መሬት ንብረት ነው። ይመዘገባል፣ ይወረሳል፣ በሐራጅ ይሸጣል፣ ይከራያል። የእኛም የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ምልክት ለሌላ እንዲተላለፍና በፈቃድ ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ስለዚህ አንድ ስም ከመሐንዲሶቹ፣ ከፋብሪካው፣ ከአገሩ ሳይቀር ተለያይቶ ብቻውን ሊዞር ይችላል። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኔ ካውያ ደግሞ ከምጠራቸው ስሞች የአንዱም አይደለም።)

ሁላችንም የምናውቀውን ኖኪያን እንውሰድ። ኩባንያው የስልክ ሥራውን በ2014 ለማይክሮሶፍት ሸጠ። በ2016 ደግሞ ኤችኤምዲ ግሎባል የተባለ ሌላ የፊንላንድ ኩባንያ ስሙን ለ10 ዓመት በፈቃድ ተከራይቶ ስልክ ማውጣት ጀመረ። ኖኪያ ራሱ አለ፤ የቴሌኮም መሣሪያ ይሠራል። ስልኩን ግን አይሠራም። ፊሊፕስም እንዲሁ ነው። ቴሌቪዥኑን በ2012 ቲፒቪ ከተባለ የቴሌቪዥን አምራች ጋር ወደተቋቋመ የጋራ ኩባንያ አዛወረ፤ በ2014 ድርሻውን ሁሉ ለቀቀ። ካውያን ጨምሮ የቤት ዕቃ ክፍሉን በ2021 ሂልሃውስ ለተባለ የእስያ የኢንቨስትመንት ድርጅት ሲሸጥ ስሙን ለ15 ዓመት እንዲጠቀሙበት አብሮ ፈቀደላቸው። ከእነዚህ ውስጥ ጥሩ ዕቃ የሚሠራም አለ፤ ስም መከራየት በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ባለቤቱ በሕይወት ካለና ስሙን ለሌላ ሥራው የሚፈልገው ከሆነ ተከራዩን ይቆጣጠረዋል፤ ቤቱ ውስጥ የሚኖር አከራይ ግድግዳው ሲፈርስ ዝም እንደማይለው ማለት ነው።

ጣጣው የሚመጣው አከራዩ እዚያ በማይኖርበት ጊዜ ነው። ፖላሮይድ ወዲያው የሚታጠብ ፎቶግራፍ የፈጠረ ኩባንያ ነበር። በ2001 ከሠረ፤ ስሙን የወሰደው ኩባንያም በ2008 ከሠረ። በዚህ ሁሉ መካከል ስሙ ከፎቶ ጋር ምንም ግንኙነት በሌላቸው ርካሽ ቴሌቪዥኖችና ዲቪዲ ማጫወቻዎች ላይ ተለጥፎ በአሜሪካ የቅናሽ መደብሮች ሲቸበቸብ ነበር። በ1903 በርሊን የተመሠረተው ቴሌፉንከን ዛሬ ስሙ የሚተዳደረው ምንም ዕቃ በማይሠራ፣ ሥራው ስም ማከራየት በሆነ ድርጅት ነው። አባቶቻችን የጀርመን ሬዲዮ ሲሉ በኩራት ይጠሩት የነበረው ግሩንዲግ በ2003 ከሥሮ ወደ ቱርክ ባለሀብቶች ሄደ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ እድለኛው እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ የገዛው ፋብሪካ ያለው ኩባንያ ስለሆነ።

ስሙን ከኪሳራ ሐራጅ በርካሽ ያነሣ ሰው ሒሳቡ ከመሥራቹ ሒሳብ ይለያል። መሥራቹ ስሙን ለልጆቹ ሊያወርስ ነበር የሚሠራው። ገዢው ያገኘው ሌሎች በ50 ዓመት ላብ ያጠራቀሙትን የሰው እምነት ነው። እምነት ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው፤ አንድ ሰው በካውያ ተታሎ ለጎረቤቱ እስኪነግር፣ ጎረቤቱ እስኪያምን፣ እናቶቻችን እስኪያምኑ ብዙ ዓመት ይወስዳል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ላሟን መመገብ ትቶ እስክትነጥፍ ማለብ አዋጭ ነው። ስትነጥፍ ሌላ የከሠረ ስም ይገዛል።

ይህ የስሙ ወገን ነው። የመደብሩ ወገን ደግሞ አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ቅናሽ ሲባል «ይኸው ዕቃ በሌላ ቦታ በብዙ ይሸጣል፣ እዚህ ረክሶ ነው» ብለን እንረዳለን። ለብዙ ዕቃ ነገሩ ተገልብጧል። ዋጋው ቀድሞ ይወሰናል፤ ዕቃው ከዋጋው ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሠራል። ትልቁ የመደብር ሰንሰለት አምራቹን «በዚህ ዋጋ የሚሸጥ፣ ይህ ስም ያለበት ካውያ ሥራልኝ» ይለዋል። አምራቹ ዝርዝሩን አውጥቶ መሸርሸር ይጀምራል። መዳቡ በቅብ አልሙኒየም ይተካል። ብሎኑ ቀርቶ በማጣበቂያ ይዘጋል። በመፍጫው ውስጥ ያለው የብረት ጥርስ ፕላስቲክ ይሆናል። የካውያው የታች ብረት ይሳሳል፤ ሙቀት የሚይዘው ደግሞ ያ ውፍረት ነበር። ከተሸረሸሩት ነገሮች አንዱም መደርደሪያ ላይ አይታይም። የሚታዩት ቀለሙ፣ ብልጭታውና ስሙ ናቸው፤ እነሱን ማንም አይነካቸውም።

ስሙ ሳይሸጥና ሳይከራይ ራሱ ባለቤቱ ይህን ሲያደርግ አለ። ሊቫይስ በ2003 ለዎልማርት መደብሮች የሚሆን ለብቻው ርካሽ የጂንስ መስመር አወጣ፤ እሱስ ሌላ መለያ ሰጥቶ በግልጽ ነው ያወጣው። ይበልጥ የሚያሳስበው ሳይነገር የሚደረገው ነው። በአሜሪካ የትርፍ ምርት መሸጫ የሚባሉት መደብሮች መጀመሪያ ከዋናው ሱቅ የተረፈውን ነበር የሚሸጡት፤ በኋላ ለእነሱ ብቻ ታስቦ የሚሰፋ፣ በዋናው ሱቅ ተሸጦ የማያውቅ ልብስ በዛባቸው። በ2014 የምክር ቤት አባላት ጉዳዩ እንዲመረመር ለንግድ ኮሚሽናቸው እስከመጻፍ ደርሰዋል። በኤሌክትሮኒክስ ደግሞ የሞዴሉን ቁጥር መጨረሻ ማየት ነው፤ አንዲት ፊደል ወይም አኃዝ ስትለወጥ ውስጡ ሌላ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ለውጥ ግን ውድቀት እንዳይመስላችሁ። ፓይሬክስ የሚባለው የመጋገሪያ ብርጭቆ በ1915 ሲወጣ የተሠራው ሙቀት በድንገት ቢለዋወጥ ከማይሰነጠቅ ቦሮሲሊኬት ከተባለ ብርጭቆ ነበር። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ስም የሚሸጠው ከተራ ብርጭቆ በሙቀት ጠንክሮ የሚሠራ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ የሚሸጠው በቀድሞው ዓይነት እንደቀጠለ ነው። አዲሱ ሲወድቅ የተሻለ ይችላል፤ ከምድጃ ወጥቶ እርጥብ ቦታ ላይ ሲቀመጥ ግን የባሰ ነው። ይህን «ረከሰ» ብሎ መጨረስ ይከብደኛል። «ተለወጠ፣ ስሙ ግን አልነገረኝም» ማለት ይቀላል።

በድሮ ዕቃ ላይም አንድ ጥያቄ አለኝ። የእናቴን ካውያ የማደንቀው ዛሬም ስለሚሠራ ነው። በዚያው ዓመት ተገዝተው በሁለተኛው ዓመት የተቃጠሉትን ግን ቆራሌው ወስዷቸዋል፤ ለምስክርነት የሚቀርብ የለም። ከዚያም በላይ ድሮም ተንኮል ነበር። በ1924 ፊሊፕስና ኦስራምን ጨምሮ የዓለም ትልልቅ አምፖል ሠሪዎች ተማክረው የአምፖል ዕድሜ ከ1,000 ሰዓት እንዳይበልጥ ተስማምተዋል፤ በሚበልጥ ላይም ቅጣት ጥለው ነበር። የወርቅ ዘመን ብለን የምንናፍቀው ጊዜ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ሳነብ የተገረምኩት ሩቅ አገር ያለ ታሪክ ስላልመሰለኝ ነው። የጅማ ሰው የስምን ውድቀት ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ በቡናው ደርሶበታልና። በዓለም ገበያ «ጅማ 5» የሚባል ደረጃ አለ። ደረጃ 5 ማለት በ300 ግራም ናሙና ውስጥ ከ46 እስከ 100 እንከን የሚገኝበት ቡና ነው፤ ጥቁር ፍሬ፣ ነቀዝ የበላው፣ ያልበሰለው ሁሉ። ቀዩም አረንጓዴውም ከቅርንጫፉ አብሮ ይሸመጠጣል፣ መሬት ላይ ይሰጣል፣ አፈር አፈር ይላል። በብዛት የወጣው በዚህ መልክ ስለሆነ ስማችን ቡና ለሚቆሉ ብዙ የውጭ ድርጅቶች የርካሽ ቡና ሌላ ስም ሆኖ ኖረ። የአረቢካ ቡና መገኛ ጫካ ጎረቤት የሆነ ሕዝብ!

ለምን? አርሶ አደሩ ጥሩ ቡና መሥራት ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት በ1970 ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ ያብራራው ነገር እዚህ ይሠራል፤ በ2001 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለትም ይህ መሥመር ነው። ገዢው ደጉን ከክፉው መለየት ካልቻለ የሚከፍለው የመካከለኛውን ዋጋ ነው። በመካከለኛ ዋጋ ደግሞ ደጉን የሚያመጣ ሰው ይከስራል። ስለዚህ ደጉ ከገበያ ይወጣል፤ ደጉ ሲወጣ መካከለኛው ይወርዳል፤ ዋጋውም ይከተለዋል። ቀዩን ብቻ መርጦ ለቅሞ በማድረቂያ አልጋ ላይ ያደረቀ ሰው ሸምጥጦ መሬት ላይ ካሰጣው ጎረቤቱ እኩል ከተከፈለው፣ በሚቀጥለው ዓመት እሱም ይሸመጥጣል። ይፈረድበታል?

የተገላቢጦሹንም አይተናል። በአጋሮና በጎማ ዙሪያ ያሉ ማኅበራት የእሸት ቡና መፈልፈያ ተክለው፣ አጥበው፣ በራሳቸው ስም መሸጥ ሲጀምሩ ዱሮሚና የተባለው ማኅበር በ2012 ዓለም አቀፍ ቀማሾች በዳኙት ውድድር ከአፍሪካ ምርጥ ተባለ። አፈሩ ያው ነው፤ ዝናቡም። የተለወጠው ሥራውና ስሙ እንደገና አንድ ሰው እጅ መግባታቸው ነው። ባለ ካውያው ስም ላይ የደረሰው ተቃራኒው መሆኑ ነው።

ወደ መደብሩ ልመለስ። እዚህ አገር ነገሩን የሚያብስ የራሳችን ምክንያት አለ። አስመጪው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር የሚፈጀው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ የገዢው ደመወዝ ግን በዚያው ፍጥነት አልሮጠም። አስመጪው ታዋቂውን ስም መተው አይፈልግም፤ ስሙ ነው የሚሸጥለት። ስለዚህ ስሙን ይይዝና በዚያው ስም ሥር ካሉት ሞዴሎች ወደ ታችኛው ደረጃ ይወርዳል። ሻጩ ሲምልልን ውሸት አልተናገረም። «ኦሪጅናል ነው» ሲል ልክ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ ለሚል ሰው፣ ጋሼ ያሳዩኝን ልንገር። ዕቃውን ከማየት በፊት ማንሣት ነው፤ ካውያና መፍጫ የቀለለ ጊዜ ብዙ ጊዜ የጎደለው ብረትና መዳብ ነው። ገመዱን ለብቻው በእጅ መመዘንም ያስኬዳል፤ አልሙኒየም ክብደቱ ከመዳብ ሲሶ አይሞላም። ማግኔት ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ማግኔት የሚያጋልጠው ውስጡ ብረት የሆነውን ሽቦ ብቻ ነው፤ አልሙኒየምን አይዝም፣ መዳብንም አይዝም። ቀጥሎ ብሎን መፈለግ። በብሎን የተዘጋ ዕቃ ይከፈታል፤ የሚከፈት ዕቃ ይጠገናል። ከሁሉ በላይ ግን የካርቶኑን ጀርባ ማንበብ ነው። ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ጽሑፍ ስሙን ይነግራል፤ ሠሪውን የሚነግረው ከጀርባ ያለው ትንኝ የሚያክል ጽሑፍ ነው። «በፈቃድ የተሠራ» የሚል ትርጉም ያለው ሐረግና ሰምተነው የማናውቅ ኩባንያ አድራሻ እዚያ ካለ፣ የምንገዛው ከእናታችን ካውያ ሠሪ አይደለም። ጥሩ ሊሆን ይችላል። ስሙ ግን ስለ እሱ አይመሰክርም።

ሕጉስ? የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን ሊጠይቅ እንደሚችል ደንግጓል። ደረሰኝ ይዤ ስለነበር በ11ኛው ቀን ሄድኩ። ሻጩ አልተከራከረኝም፤ እንዲያውም አክብሮ ነው ያስተናገደኝ። ገንዘቡን ትቶ አዲስ ካውያ ከካርቶኑ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ያው ስም፣ ያው ሞዴል።

ቀጥታ ወደ ጋሼ ወሰድኩት። ሳልነግራቸው ፒንሳውን አነሡ፤ ያንኑ ምላጭ አወጡ። ነጭ ነው። ሳቁና ልጃቸውን ሁለት ሜትር የመዳብ ገመድ ገዝቶ እንዲመጣ ላኩት።

«የድሮውን ታመጣልኛለህ?» አሉኝ ብሎኑን እያጠበቁ።

«የእናቴን? ምን ሊያደርጉት?»

«ልየው ብዬ ነው።»

ለእናቴ ነገርኳት። አይሆንም አለች፤ ቅዳሜ የምትተኩሰው ልብስ አለባት።